የሳን ፍራንሲስኮ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን

የሳን ፍራንሲስኮ የኪነ ጥበብ ኮሚሽን በካሊፎርኒያ፣ አሜሪካ፣ ለማኅበረሰብ ኪነ ጥበብ ገንዘብ፣ ቦታና ፈቃድ የሚሰጥ የከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ቻርተር ተቋቋመ።

ዋናው የአቅሙ ምንጭ በ1969 የወጣው የከተማዋ ድንጋጌ ነው፤ ይህም ከሕዝባዊ ግንባታዎች ወጪ 2 በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ያዛል። በዚህም የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ማሳያ ሆኗል። በ1993 የተጀመረው፣ ከሆቴል ግብር የሚመነጨው የባህል ፍትሐዊነት ድጎማ ደግሞ ለዘመናት ችላ ከተባሉ ማኅበረሰቦች የወጡ ከያንያንንና አነስተኛ ቡድኖችን ይደግፋል።

በየሰፈሩ ያሉ የባህል ማዕከላትም በኮሚሽኑ ይደገፋሉ፤ አንዱ በ1888 የተሠራው ቤይቪው ኦፔራ ሃውስ ነው።

ከ1972 ጀምሮ የጎዳና ዕደ ጥበብ ባለሙያዎች የእጅ ሥራቸውን በኮሚሽኑ ፈቃድ ይሸጣሉ። ፈቃድ ፈላጊው ጌጡን ወይም የቆዳ ሥራውን ራሱ መሥራቱን በፈታኞች ፊት ሠርቶ ያሳያል።