የጊምቢቹ ረድፍ፦ የዓምድ ዓይነትና ዋና ቁልፍ በታሪክ ዓይን



ጃንጎን በመሰለ የድረ ገጽ ማዕቀፍ የከተሞችን ሠንጠረዥ ስናዘጋጅ ለጊምቢቹ የምንሰጣት መለያ ምን ይሁን? ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል፤ እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ኤድጋር ኮድ የዝምድና ሞዴልን እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበ ወዲህ እያንዳንዱ ረድፍ ከሌላው የሚለየው በዋና ቁልፉ ነው። ቁልፉ አይደገምም፤ ባዶም አይሆንም። ስሟን ቁልፍ እናድርግ ብንል ግን ጊምቢቹ የሚባል ወረዳ በምሥራቅ ሸዋም አለ። የክልሉን መለያ እንጨምርበት? በደርግ ዘመን ይህ አገር በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ነበር፤ ቀጥሎ በደቡብ ክልል ተጠቃለለ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። ከተማዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ቁልፏ ግን በየዘመኑ በተለወጠ ነበር። በዚያ ቁልፍ የተሳሰሩ የተማሪና የታካሚ መዝገቦችም አብረው መታረም አለባቸው፤ አንዱ ከተዘነጋ ያ ሰው የትውልድ ቦታ አልባ ሆኖ ይቀራል።

የጎረቤታችን የሆሳዕና ስምም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣእና ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ከተማ ነው፤ ለማሽኑ አራት። ዋቸሞ የሚለውን የቀድሞ ስም ሳንቆጥር ማለቴ ነው። ስለዚህ ማዕቀፉ በራሱ የሚሰጠው፣ ምንም ትርጉም የማይሸከም ተራ ቁጥር ከሁሉም ይሻላል። ስሙና ክልሉ ሊታረሙ በሚችሉ ሌሎች ዓምዶች ይቀመጡ።

የዓምድ ዓይነትም እንዲሁ ታሪክ አለው። የቀን ዓምድ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቀረጸ ነው። ጥቅምት 30 የተወለደን ልጅ ወር 2፣ ቀን 30 ብላችሁ ብታስገቡ አይቀበልም፤ የካቲት መጨረሻ ላይ የተወለደችውን ወር 6፣ ቀን 29 ብትሉ ግን ዝም ብሎ ይቀበልና የሰኔ ልጅ ያደርጋታል። ጳጉሜንንማ ከነጭራሹ አያውቃትም። ከሁለቱ ስሕተቶች እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው። መፍትሔው ቀኑን ቀይሮ ማስቀመጥ፣ ሲያሳዩም ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነው። የተወለዱበትን ዓመት ብቻ ለሚያውቁ አዛውንት ግን የቀን ዓምድ አይበጅም፤ ወርና ቀን ስለሚጠይቅ ጸሐፊው መስከረም 1 ይሞላል፤ ፈጠራውም ከዚያ በኋላ ማስረጃ ይሆናል። ለእነርሱ ዓመቱን ብቻ የሚይዝ የተለየ ዓምድ አብጁ።

ስልክ ቁጥርን በቁጥር ዓምድ የሚያስቀምጡ አሉ፤ በ09 መጀመሪያ ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። የሚደመር ነገር አይደለምና በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጥ።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠውን የፋይዳን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ዋና ቁልፍ ብናደርገውስ የምትሉ ትኖራላችሁ። የማይደገም መሆኑ እውነት ነው፤ በጽሑፍ ዓምድ፣ እንዳይደገም ተደርጎ፣ ባዶ መሆን ግን ተፈቅዶለት ይቀመጥ። ትናንት በጊምቢቹ የተወለደችው ሕፃን ቁጥሩ ገና የላትም፤ የክትባት መዝገቧ ግን ዛሬ መከፈት አለበት።