ስክነትና ሰይፍ፦ የሰሜን ምዕራብ ቆላ የዝሆን አዳኞች የመንፈስ ዝግጅት

ስለ አደን የተጻፉ የቀድሞ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ ተገደለው አውሬ ብዛት፣ ስለ ጥርሱ ክብደትና ስለ ገዳዩ ዝና ነው። አዳኙ ከሰፈሩ ተነሥቶ አውሬው ፊት እስኪቆም ድረስ በልቡ የሚመላለሰውን ሐሳብና ፍርሃቱን የሚገዛበትን ዘዴ የሚገልጽ ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ረገድ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ቆላና በሰቲት ወንዝ ዳር ዝሆንን በሰይፍ ያድኑ ስለነበሩት አጋጊር ስለሚባሉት ሰዎች ሁለት መንገደኞች ትተውት ያለፉት ምስክርነት ልዩ ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሲሆን፣ ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጨርቂን በተባለው ስፍራ ከአዳኞቹ ጋር ወጥቶ ያየውን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዘግቧል። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው፤ እርሱም በ1861 እና በ1862 ከሐምራን ዐረቦች ጋር በሰቲት ዳር ሰንብቶ የታዘበውን በ1867 አውጥቷል። ሰቲት የሚባለው የእኛው ተከዜ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚጠራበት ስም ነው። ብሩስ ያለፈበት አገርም ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም በዐረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው።

ብሩስ እንደሚለው በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጣሉ። ቁጥቋጦና እሾህ ልብሳቸውን ይዞ እንዳያስቀራቸው ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። ከፊት የተቀመጠው ከአንዲት አጭር በትር በቀር በእጁ የያዘው መሣሪያ የለም፤ ሥራው ፈረሱን መግራትና የዝሆኑን ዓይን ወደ ራሱ መሳብ ነው። ከኋላው ያለው ሰፊ ሰይፍ ይዟል። ከሰይፉ ስለት ወደ እጀታው የቀረበው ክፍል በገመድ የተጠመጠመ በመሆኑ አንድ እጁን በእጀታው፣ ሌላውን በገመዱ ላይ አድርጎ ይይዘዋል። ፈረሱ በዝሆኑ ፊት አልፎ ሲታጠፍ፣ ሰይፈኛው ዝሆኑ ከማያይበት ወገን ተንሸራቶ ይወርድና ከተረከዙ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ወዲያውም ፈረሰኛው ተመልሶ ባልንጀራውን ከኋላው አፈናጥጦ ይሸሻል።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ያ ሰው ከፈረሱ ወርዶ በእግሩ የሚቆምባት ቅጽበት ናት። በጀርባው መሸሸጊያ፣ በእጁም ጋሻ የለውም። ሕይወቱ በሙሉ የተመሠረተው ባልንጀራው ይመለሳል በሚል እምነት ላይ ነው። እንግዲህ የአዳኙ ስክነት ከራሱ ልብ ብቻ የሚመነጭ አልነበረም። ግማሹ በሌላው ሰው እጅ የተቀመጠ አደራ ነበር። አደራውም በአደኑ ዕለት በሚነገር የማበረታቻ ቃል የሚገኝ ሳይሆን በብዙ አደን አብሮ በመዋል የሚገነባ ነው።

ፈረሰኛው ዝሆኑን ከመግጠሙ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይፎክራል። ስሙንና የፈረሱን ስም ይናገራል፣ የዝሆኑን አባትና አያት በየትኛው ስፍራ እንደ ገደለ ያስታውሰዋል፣ ከእነርሱ ጋር ሲያስተያየውም ያንቋሽሸዋል። ብሩስ ይህን ከንቱ ልፍለፋ አድርጎ ቆጥሮታል፤ አዳኙም ዝሆኑ ቋንቋውን እንደሚረዳ ከልቡ ያምናል ሲል ይሳለቃል። ይሁን እንጂ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክም አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ በኖሩበት አገር ያደገ አንባቢ ነገሩን በሌላ ዓይን መመልከቱ አይቀርም። ፉከራ ለተፎካሪው ብቻ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ይልቁንም ፎካሪውን ያስረዋል። ስሙን ጠርቶ፣ ፈረሱን ጠርቶ፣ የቀድሞ ሥራውን ቆጥሮ በባልንጀሮቹ ፊት የፎከረ ሰው ወደ ኋላ የሚመለስበትን በር በገዛ አፉ ዘግቷል። ዳግመኛም ብሩስ ራሱ እንደመሰከረው ጩኸቱ ዝሆኑን አስቆጥቶ በፈረሰኛው ላይ እንዲያተኩር ያደርገዋል፤ ሰይፈኛው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ብሩስ የሳቀበት ልማድ ስለዚህ የአደኑ አንድ መሣሪያ ነበር።

ቤከር ከዘጠና ዓመት በኋላ ያገኛቸው ሐምራኖች በአብዛኛው ከአራት ባልበለጠ ቡድን፣ እያንዳንዱ በየፈረሱ ሆኖ ያድኑ ነበር። ከአገልግሎታቸው ሁሉ የሰይፍ እንክብካቤያቸው አስደንቆታል። በየጊዜው እየሳሉ የክንዳቸውን ጠጉር በመላጨት ስለቱን ይፈትኑት ነበር። ይህ ሰይፉን ለማሳመር ብቻ የሚደረግ አይመስልም። እጅ የለመደውን ሥራ ቀስ ብሎ ሲሠራ ሐሳብ ይሰበሰባል፤ ነገ የሚመጣውን አደጋ በማሰብ ፋንታም ዛሬ በእጅ ያለውን ነገር ማስተካከል ይቻላል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያም ሆነ አናጢ መሣሪያውን ሲያሰናዳ የሚሰማው መረጋጋት ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ከሐምራን አዳኞች መካከል ሮደር ሸሪፍ የተባለው ሰው አንድ ክንዱ የሰለለ ነበር። ሆኖም ከአራቱ ሁሉ አደገኛ የሆነው ሥራ፣ ማለትም ከዝሆኑ ግንባር ፊት ፊት እየጋለበ ቁጣውን መቀበል፣ የተሰጠው ለእርሱ ነበር። ለዚህ ሥራ የጉልበት ብዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ርቀትን መመጠን ነው፤ ፈረሱ እጅግ ከራቀ ዝሆኑ ፊቱን ወደ ሰይፈኞቹ ይመልሳል፣ እጅግ ከቀረበም ፈረስና ፈረሰኛ አብረው ይጠፋሉ። ይህን በሙሉ ግልቢያ ላይ ሆኖ የሚመጥን ሰው ልቡ ሊቸኩል አይችልም። ፈረስ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው አዳኞች ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው በእግር ይሄዱ ነበር። ዱካ ተከትለው፣ ዝሆኖች በሙቀት ደክመው በሚያንቀላፉበት ከረፋድ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ እየተሳቡ ይቀርቡ ነበር። እነዚህን የሚጠብቃቸው ፍጥነታቸው ሳይሆን ትዕግሥታቸው ብቻ ነበር።

ይህ ሁሉ ዝግጅት አደጋን አላስቀረም። የቆላው ጥቁር መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ የፈረስ እግር ከስንጥቁ ከገባ ያለቀለት ነገር ነው። አዳኞቹ ፍርሃት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ ብሎ መናገርም ስሕተት ይሆናል። ፍርሃትን በሥራ ክፍፍል፣ በመሣሪያ እንክብካቤና በፉከራ ከፋፍለው የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ ማለት ይሻላል።

ነገር ግን የእጅ መረጋጋት ሌላ፣ የኅሊና ሰላም ሌላ ነው። በዚያው በጨርቂን አደን አንዲት ሴት ዝሆን ቆስላ ሳለ ግልገሏ ከጫካው ወጥቶ ሰውንና ፈረስን መውጋት ጀመረ። ብሩስ ያ ትንሽ ፍጥረት ስለ እናቱ ያሳየውን ተቆርቋሪነት ባየ ጊዜ አዘነ፤ እናቲቱን እንዲተዉአትም ጮኸ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ግልገሉ በእርሱም ላይ ተወርውሮበት ነበር፤ እርሱ ግን አልመታውም፤ ባለመምታቱም ኋላ ደስ እንዳለው ጽፏል። ከመኳንንቱ የአንዱን እግር በጎዳ ጊዜ ግን ሰውየው በጦር ወጋው፤ ግልገሉም በቆሰለችው እናቱ ፊት ወድቆ ሞተ። የዝሆኑን ሥጋ እንደ ጠፍር እየተለተሉ፣ ያለ ጨው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አድርቀው ለክረምት ስንቅ የሚያኖሩ ሰዎች ስለዚያ ግልገል ምን እንዳሰቡ የጻፈ የለም። ምናልባት በረኀብና በርኅራኄ መካከል የሚደረገው ክርክር ከእነርሱ ዘንድ ቀደም ብሎ ያለቀ ጉዳይ ነበር። ለመዝናናት የወጣው መኰንንና እንግዳው መንገደኛ ግን ያ ምክንያት አልነበራቸውም።

ጠመንጃ ሲስፋፋ ይህ የዝግጅት ሥርዓት መሠረቱ ተናጋ። ከሩቅ ለሚተኩስ ሰው የባልንጀራ መመለስም፣ የርቀት ምጣኔም፣ ፉከራም የሕይወትና የሞት ጉዳይ አይደሉም። ከባድ ጠመንጃ ይዞ ያድን የነበረው ቤከር እንኳ የሰይፈኞቹን ጀግንነት ከራሱ አደን አብልጦ ማድነቁ ይህን ልዩነት ስለተገነዘበ ነው። በሰይፍ ዘመን አንድ ዝሆን ለመግደል ሰው ነፍሱን ማስያዝ ነበረበት፤ ይህም ሳይታወጅ የአደኑን መጠን የሚወስን ሕግ ሆኖ ቆይቷል። ፍርሃቱ ሲነሣ፣ የዝሆን ጥርስም ዋነኛ የውጭ ንግድ ሸቀጥ ሲሆን፣ ያ ያልተጻፈ ሕግ በተጻፈ መተካት ነበረበት። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ የዝሆን አደንን የሚወስን ትእዛዝ አወጡ። በ1944 እ.ኤ.አ. የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ተከተለ። ከዚያም በ1960ዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች መቋቋም ጀመሩ።

አጋጊሮቹ ይጋልቡበት ከነበረው ቆላ አብዛኛው ዛሬ ዝሆን አይታይበትም። ቢሆንም በተከዜ ዳር በቃፍታ ሽራሮ አካባቢ፣ ሰይፈኞቹ ያሳድዷቸው የነበሩት መንጋዎች ይመላለሱበት ከነበረው ምድር ሳይርቅ፣ በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዝሆን መንጋ ወንዙን እየተሻገረ ውኃ ሲጠጣ ተመዝግቧል።