ስለ ሕፃናት መብት የተደረገው ስምምነትና የሰበር ችሎት ፍርድ

መንግሥታት የተስማሙበት ዓለም አቀፍ ውል በአገር ዳኛ ፊት እንደ ሕግ ይቆጠራልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ. ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ፍርድ ነው።

አስቀድመን የቀድሞውን ሕግ እንመልከት። በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ የሚወሰነው የልጆቹን ጥቅም በመመልከት እንዲሆን በቁጥር 665 ደንግጎ ነበር። ከወላጆች አንዱ ሲሞት ግን ሞግዚትነቱ በሕጉ ኀይል ለቀረው ወላጅ ብቻ ይሆን ነበር። በኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎችም ይህንኑ ደንብ ተከተሉ። እንግዲህ የልጁ ጥቅም በፍቺ ጊዜ የሚመረመር፥ በሞት ጊዜ ግን እንደ ታወቀ የሚቆጠር ነገር ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሕፃናትን መብት ስምምነት የተቀበለው በኅዳር 1982 ዓ. ም. ነው። አንቀጽ 3 ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት ነገር ሁሉ የሕፃኑን ጥቅም በቀዳሚነት እንዲያስቡ ያዛል። ኢትዮጵያም በግንቦት 1983 ዓ. ም. ገባችበት፤ በ1984 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 10 አጸደቀችው። ነገር ግን አዋጁ የስምምነቱን ቃል በሙሉ ይዞ አልወጣም። ስለዚህ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ቢልም፥ በነጋሪት ጋዜጣ ያልታተመውን ቃል ዳኛ ሊጠቅስ ይችላልን የሚል ክርክር በሕግ ዐዋቂዎች ዘንድ ተነሣ።

ወደ ሰበር የደረሰው ጉዳይ በአባትና ልጁን ባሳደገች አክስት መካከል ነበር፤ እናት ሞታለች። የሥር ፍርድ ቤቶች በጊዜው የነበረውን የደቡብ ክልል የቤተሰብ ሕግ ይዘው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የስምምነቱን አንቀጽ 3 ጠቅሶ ፍርዳቸውን ሻረ፤ ልጁም ከአክስቱ ዘንድ እንዲቆይ ወሰነ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ትርጓሜው የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ ሆነ።

ይህ ፍርድ የባዕድ ሐሳብ ወደ ቤታችን አስገባ የሚል ሰው ቢኖር፥ የ1952ቱን ሕግ እንዲያነብ እንጋብዘዋለን። የልጅን ጥቅም መመርመር ለዳኞቻችን አዲስ አልነበረም። ስምምነቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ያንኑ መመዘኛ ቀድሞ ወዳልደረሰበት ጉዳይ ማድረስ ነው።

ይሁን እንጂ «ጥቅም» የሚለው ቃል ሰፊ ስለ ሆነ ዳኛ የራሱን ዝንባሌ በልጁ ስም ሊፈርድበት ይችላል። መድኀኒቱ በዚያው ስምምነት በአንቀጽ 12 ይገኛል፤ ይኸውም ሐሳቡን ለመግለጽ የደረሰ ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ይደመጥ የሚለው ነው። እንግዲህ «ሕፃን ምን ያውቃል» ከማለት በፊት ልጁን መስማት፥ አንቀጽ 3ን የሚጠቅስ ዳኛ ሁሉ ግዴታ ነው እንላለን።