ከአንኮበር የወጣ ምስል፣ ከአገር የወጣ ድምፅ

የብሪታንያ ንጉሣዊ የአንትሮፖሎጂ ተቋም ከ1985 ጀምሮ ሲያካሂደው የቆየው የፊልም ፌስቲቫል በመጋቢት 2021 በወረርሽኙ ምክንያት ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ቀርቦ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰው ልጅን አኗኗር የሚመዘግቡ ፊልሞችን ለማየት እንግሊዝ አገር መሄድ አላስፈለገም ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ በር ለአንኮበር ሰው ተከፍቷልን? ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው።

በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ከተከታዮቹ አንዱ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። ሃሪስ ያየውን በ1844 በሦስት ቅጽ አሳተመ፤ የበርናትዝ ሥዕሎችም በ1852 ታትመው ወጡ። አያቶቻችን ተሳሉ፤ ሥዕሉን የገለጠው ግን የአውሮፓ አንባቢ ነው። ሃሪስ የመጣው ለንግድ ውል እንጂ ለጥናት አልነበረምና ይህ ብዙም ሊያስደንቀን አይገባም።

የድምፁ ነገር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ድምፅዋን በፎኖግራፍ አስቀርጻ ለዳግማዊ ምኒልክ ላከች። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ የሆኑትና ከመቅደላ አምልጠው በ1865 የሸዋን ዙፋን የያዙት ምኒልክም ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሆነው በ1899 በዚያው መሣሪያ መልስ ሰጡ። ልብ በሉ፤ ንግሥቲቱ ቃልዋ ከተሰማ በኋላ ቅጂው እንዲጠፋ አዝዛ ነበር። ድምፅ ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ ሌላ ሰው እንደሚያዝበት ጠንቅቃ ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። የኛዎቹ ድምፅ ግን ባሕር ተሻግሮ ቀረ፤ በመትረፉም እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ዛሬ በኢንተርኔት ይሰማል።

ሁሉም ባዕድ ቀራጭ እንደ ሃሪስ መልእክተኛ ነው ማለት አይደለም። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ላይ ተቀምጦ፣ ማለዳ ከደጅ ደጅ እየዘመሩ ምጽዋት የሚጠይቁትን ላሊበሎችን በ2005 በፊልም አቅርቧል። በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ፊልም ደግሞ በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ሁለት የጎዳና ልጆችን ያሳየናል። ካዋሴ ከልጆቹ ጋር በአማርኛ ይጨዋወታል፤ እነርሱም መልሰው ይጠይቁታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሃሪስ በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው።

ታዲያ የኛ ተራ መቼ ነው? ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ የሚኖሩት አርጎባዎች ከዘመናት ወዲህ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል፤ ገበያቸው ግን በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረር ነጋዴ የሚወጣበት ነበር። የሽማግሌዎቹን ወግ ለመቅረጽ ዛሬ የእጅ ስልክ ይበቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፍ ቢያደርገው ምን ይገድደዋል? የሠራውንስ ለባለቤቶቹ መልሶ እንዴት ያሳያቸዋል? ጉዳዩ ወደ ፖለቲካ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም እንደተዘጋ ቆየ። የአንኮበር ወጣት የምኒልክን ድምፅ በስልኩ ከፍቶ ልስማ ቢል በእነዚያ ወራት አይችልም ነበር። ያን ጊዜ የከለከለው እንግሊዝ አይደለም።