ሕፃን የሚቀመጥበት ጊዜና የዕድሜ አቈጣጠር በምዕራብ ጎጃም

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ የሕፃን ዕድሜ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው በወር ቍጥር ሳይሆን ሕፃኑ በደረሰበት ደረጃ ነው። «ስንት ወሩ ነው?» ለሚል ጠያቂ «ተቀምጧል»፣ «ይድኻል»፣ «ድክ ድክ ይላል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ ከወር አቈጣጠር ጋራ ሲገናኝ ምን ጥያቄ እንደሚያስነሣ መመርመር ነው።

የቀን ቈጠራ ለገጠሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ እስከዚያ ድረስ ቀኑ በጥንቃቄ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ ግን ቈጠራው እየላላ ሄዶ የሰውነት ምልክት ይተካዋል፤ ይኸውም አንገት መጽናት፣ ተደግፎ መቀመጥ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ፣ መዳኽ፣ መቆምና መሄድ ነው። ሕፃኑ ለመቆም ሲውተረተር «ወፌ ቆመች» እየተባለ ይበረታታል። የልደት ዓመትም የሚታወሰው በታላቅ ድርጊት ነው፤ የኢጣሊያ ጦር በ1933 ዓ.ም. ቡሬን እንደ ለቀቀበት ያለ ዘመን ለዚህ ያገለግላል።

የደረጃዎቹ ጊዜ በአገሩ አስተዳደግ ይለያያል። ቻርልስ ሱፐር በ1969 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በኬንያ የኪፕሲጊስ እናቶች መቀመጥንና መሄድን ሆን ብለው ስለሚያስተምሩ ልጆቻቸው በነዚህ ይቀድማሉ፤ በማይለማመዱት ግን ይህ ቀዳሚነት አይታይም። የዓለም የጤና ድርጅትም በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ አስጠንቶ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መለኪያ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻን መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይገኛል። ከተጠኑት ሕፃናት 4.3 ከመቶው በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ ሄደዋል። እሳት ከመሬት በሚነድድበት ቤት፣ ብዙውን ቀን በአንቀልባ ታዝሎ የሚውል ልጅ ሳይድኽ ቢቆም እንግዲህ ብቻውን የበሽታ ምልክት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ዕድሜ በመቀመጥ የሚለካ ከሆነ፣ የመቀመጥ መዘግየት በምን ይታወቃል? ሰውነቱ ወደ ኋላ የቀረ ሕፃን ዕድሜውም ከእርሱ ጋራ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በምግብ ወይም በአዮዲን እጥረት፣ ወይም በወሊድ ጊዜ በደረሰ ጕዳት የዘገየው ልጅ «ገና ጨቅላ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ምዕራብ ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ቢሆንም፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት አልነበራቸውም፤ ለመላው አገር የተገኘው 38 ከመቶ ነበር። ይህንም ቍጥር ማግኘት የሚቻለው የልደት ቀን ሲታወቅ ብቻ ነው።

የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በመላው አገር ሥራውን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። መዝገብ በሌለበት ቤት ግን ልማዱ ራሱ መፍትሔ ይሰጣል፤ ክርስትናው በወጉ ቀን የተፈጸመ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ቀን 40 ወይም 80 ወደ ኋላ ቢቈጠር የልደቱ ቀን ይገኛል። ስለዚህ ተመራማሪውም ሆነ የጤና ሠራተኛው እናቲቱን «ልጁ ተቀምጧል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «ክርስትና የተነሣው መቼ ነው?» ብሎ ይጨምር። 9 ወር አልፎት ያለ ድጋፍ ያልተቀመጠ ሕፃን ሳይዘገይ እንዲመረመር የሚያደርገው የሁለቱ መልስ በአንድነት ነው።