ከበባውን መገንባት፦ ምናባዊ ዓለም ለጅቡቲ ከተማ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት

የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ከ60 ዓመት በላይ ያልተለወጠ አንድ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኩወንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን ከላይ በመጫን ብቻ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል አስታወቁ። በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ላርዳል «ሪሰሲ አን» የተባለችውን የልምምድ አሻንጉሊት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰልጣኙ ጸጥ ባለ አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ አሰልጣኙ እያረመው አሻንጉሊቷን ይጫናል። እጅ በዚህ መንገድ በደንብ ይሠለጥናል። አዳራሹ ውስጥ የሌለው፣ መንገድ ላይ የወደቀን ሰው ከቦ የሚጮኸው፣ የሚመክረውና የሚጎትተው ሕዝብ ነው። ለጅቡቲ ከተማ የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማሪያ የሚሆን፣ በመነጽር ወይም በስልክ የሚታይ ምናባዊ ዓለም የሚሠራ ባለሙያ፣ ከቁስሉና ከደሙ አስቀድሞ ይህንን ከበባ ሊሠራ ይገባዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ነው።

ጅቡቲ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ናት። አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በወደቧ ስለሚያልፍ፣ ስሙን ከመንገዱ የኪሎ ሜትር ምልክት ባገኘው ፒኬ 12 እና በወደቡ መንገዶች ዳር የኢትዮጵያ ተሳቢዎች ተራ ይጠብቃሉ። እዚያ አንድ ሰው ቢወድቅ፣ የሚከቡት ሰዎች በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ በአንድ ጊዜ ሊያወሩ ይችላሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ምግብ ቤት ላይ የተፈጸመ የቦምብ ጥቃትን፣ በ2019 መጨረሻ ደግሞ ከባድ ጎርፍን አይታለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ከ90 በመቶ በላይ የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓይነት አደጋዎች ከባለሙያው ቀድሞ ተጎጂው ጋ የሚደርሰው በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ነው።

ብዙ ሰው መኖሩ ራሱ እርዳታ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊ እና ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ለየብቻ ክፍል ተቀምጠው፣ የሚጥል በሽታ የተነሳበት የሚመስል ሰው ድምፅ በመነጋገሪያ መሣሪያ እንዲሰሙ ተደረገ። ከታማሚው በቀር የሚሰማ የለም ብለው ካመኑት 85 በመቶው በሽታው ሳያበቃ እርዳታ ፍለጋ ተነሱ፤ ሌሎች አራት ሰዎች አብረው ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶው ብቻ። ይህ ግኝት ያለ ተቀናቃኝ አልቀረም። በኋላ በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕ ታውን የጎዳና ካሜራዎች የቀረጿቸውን ጠቦች የመረመሩ አጥኚዎች፣ ከአሥር ጠቦች በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ጣልቃ እንደገባ አገኙ። ጠብና ድንገተኛ ሕመም አንድ አይደሉም። ሆኖም ሁለቱ ግኝቶች አብረው ሲታዩ የሚያመለክቱት ነገር አለ፦ መንገድ ላይ ርኅራኄ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ሥራውን የሚያከፋፍል ሰው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን አንድ ሰው ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሲያድል ነው። ማደልን ከአሻንጉሊቷ መማር አይቻልም።

ምናባዊው ዓለም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ትዕይንት እንመልከት። ሐምሌ ነው፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፤ በፒኬ 12 አንድ ሾፌር ከጋቢናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ይወድቃል። ቆዳው ይፋጃል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ሙቀት የመታው ሰው የሚያስፈልገው ግልጽ ነው፦ አምቡላንስ መጥራት፣ ወደ ጥላ ማንሳት፣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን ውሃ በውሃ ማድረግና ማራገብ፣ በደንብ እስኪነቃ ድረስም ምንም አለማጠጣት። ሰልጣኙ ይህን በቃሉ ያውቀው ይሆናል፤ በትዕይንቱ ውስጥ ግን አንዱ የስኳር ውሃ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ሌላው ብብቱን ይዞ ሊያስቀምጠው ይታገላል፣ ሦስተኛው በስልኩ ይቀርጻል። ሰልጣኙ «አንድ ሰው ውሃ ያምጣ!» ብሎ ቢጮህ ማንም እንዳይንቀሳቀስ፣ የተጎጂውም ሁኔታ እንዲከፋ ተደርጎ ይሠራል። ወደ ሾፌሩ ረዳት ጠቁሞ «አንተ ኮፍያ ያደረግከው፣ ጀሪካኑን አምጣ» ሲል ውሃው ይመጣል። ከከበቡት መካከል ያሉትን ሽማግሌ ግን እንዲህ አያዛቸውም፤ «አባቴ፣ እባክዎ አምቡላንስ ይጥሩልን» ማለት አለበት፣ ሶማሌ ከሆኑም «አዴር» ብሎ መጀመር። አክብሮት የጎደለው ትእዛዝ ሽማግሌውን ካስቆጣና ጭቅጭቅ ካስነሳ፣ የባከነችው ደቂቃ የተጎጂው ናት። ስለዚህ የአነጋገር ወግ በዚህ ሲሙሌሽን ውስጥ የሕክምናው አካል ነው፤ ለሌላ ከተማ የተሠራ ፕሮግራም በትርጉም ብቻ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውና ጠንካራው ተቃውሞ እጅን ይመለከታል፦ በመነጽር ወይም በስልክ የታየ ደረት አይጫንም። ማስረጃው ለተቃዋሚው ያደላል። በኔዘርላንድስ በአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ 381 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ በምናባዊ ዓለም የሠለጠኑትን በአሰልጣኝ ፊት ከሠለጠኑት ጋር አወዳድሮ ነበር። በአጫጫን ፍጥነት የምናባዊው ሥልጠና አላነሰም፤ በጥልቀት ግን አነሰ፦ 49 ሚሊ ሜትር በ57። የሚመከረው ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህን መካድ አያሻም፤ ድንበሩን ስለሚያሳየን ልንጠቀምበት ይገባል። ክብደትና ጥልቀት የአሻንጉሊቷ ድርሻ ናቸው፤ ማየት፣ መወሰንና ማዘዝ የምናባዊው ዓለም። አሰልጣኙ ለምሳሌ በጅቡቲ ቀይ ጨረቃ ማኅበር አዳራሽ በሚሰጥ ኮርስ ሁለቱን አቀናጅቶ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን ይተካል የሚለው ተስፋ ግን መተው አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው። ጅቡቲ የብዙ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች መተላለፊያ ብትሆንም፣ ይህ ለሾፌሩ ስልክ ርካሽ ኢንተርኔት አይሆነውም። ውድ መነጽርና የማያቋርጥ መስመር የሚጠይቅ ፕሮግራም በቢሮ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀራል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና በኬንያ ያሉ አጋሮቹ ያዘጋጁት «ላይፍ» የተባለ ጨዋታ ለጤና ባለሙያዎች የአራስ ሕፃናትን እስትንፋስ ማስጀመርን በተራ ስማርት ስልክ የሚያስተምር መሆኑ፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ደግሞም ከበባ ከቁስል ይልቅ በርካሽ ይሠራል፤ ደም የሚመስል ደም ለመሣል ጎበዝ ሠዓሊና ኃይለኛ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ለሕዝብ ግን በአምስቱም ቋንቋዎች በጥንቃቄ የተቀዳ ድምፅ ይበቃል። ትእዛዙ በድምፅ ከሆነ ማንበብ የማይችለውም ይማርበታል። አንድ ጊዜ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ ሾፌሩ ተራ የሚጠብቅባቸው ሰዓታት የመማሪያ ጊዜ ይሆኑለታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ጨዋታ ፍርሃትን አያመጣምና ሰው በእውነተኛው ቀን ይደነግጣል የሚለው ነው። ይደነግጣል፤ አሻንጉሊቷም ከድንጋጤ አታድንም። የሚደነግጥ ሰው የሚይዘው የለመደውን ስለሆነ፣ የሚለመደው ነገር አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን፦ አንዱን ለይ፣ አንድ ሥራ ስጠው፣ ወደ ተጎጂው ተመለስ። ይህም በእምነት የሚተው ሳይሆን የሚለካ ነው። በአሻንጉሊት ብቻ የሠለጠኑና ሁለቱንም የወሰዱ ሰዎች ተዋንያን በሚሳተፉበት የመንገድ ላይ ልምምድ ይፈተኑ፤ ሰው ከወደቀበት ቅጽበት አንስቶ፣ ለአንድ ተለይቶ ለተጠቆመ ሰው የመጀመሪያው ትእዛዝ እስኪሰጥ ያለው ሰከንድ ይቆጠር። ክህሎቱ በወራት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ፈተናው ከስድስት ወር በኋላ ይደገም። ያኔ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ካልታየ፣ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ወድቋል ማለት ነው፤ ለምናባዊው ዓለም የታሰበውም ገንዘብ ለተጨማሪ አሻንጉሊቶች ቢውል ይሻላል።