በሰው ጣሪያ ላይ የተተከለ መለኪያ

ቤጂንግ ኦሎምፒክን ባስተናገደችበት በ2008 እ.ኤ.አ. በከተማዋ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ጣሪያው ላይ አንድ የአየር ጥራት መለኪያ ተከለ። መሣሪያው የሚለካው ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ከከሰል፣ ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ የሚመጣውን፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባውን ደቃቅ ብናኝ ነበር። ውጤቱ በየሰዓቱ በትዊተር ይለጠፋል።

የቻይና መንግሥት የራሱ መለኪያዎች ነበሩት። የቤጂንግ አስተዳደርም በየዓመቱ "ሰማያዊ ሰማይ" የታየባቸውን ቀናት እየቆጠረ መሻሻሉን ያበስር ነበር። ችግሩ የሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። ይፋዊው መመዘኛ ተለቅ ያለውን ብናኝ እንጂ ደቃቁን አያካትትም። ስለዚህ በአንድ ሰማይ ሥር ሁለት እውነት ነበር፤ መንግሥት "ቀላል ብክለት" ሲል ኤምባሲው "አደገኛ" ይላል።

ነዋሪው የትኛውን እንደሚያምን ለመወሰን ብዙ አልፈጀበትም፤ የልጁን ሳል ይሰማል። በ2011 ታዋቂው የሪል ስቴት ባለሀብት ፓን ሺዪ መንግሥት ደቃቁን ብናኝ ይለካ ወይስ አይለካ ብሎ ተከታዮቹን በማኅበራዊ ሚዲያ ጠየቀ። አብዛኛው "ይለካ" አለ። በጥር 2012 ቤጂንግ መረጃውን ማውጣት ጀመረች። ያም ሆኖ በሰኔ ወር ምክትል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ ዉ ሺያኦቺንግ ኤምባሲዎች የአየር መረጃ ማሠራጨታቸው የቪየናን ስምምነት ይጥሳል ብለው እንዲያቆሙ ጠየቁ። ኤምባሲው አላቆመም።

በጥር 2013 የኤምባሲው መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 886 ማይክሮግራም መዘገበ። በወቅቱ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን አማካይ ያስቀመጠው ጣሪያ 25 ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም መንግሥት የአምስት ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ ቤጂንግም በ2017 ዓመታዊ አማካይዋን ወደ 60 እንድታወርድ ታዘዘች። ትልልቅ ፋብሪካዎች የሚለቁትን ጭስ ልኬት በየሰዓቱ ለሕዝብ እንዲያሳዩ ተደረገ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በካይ ድርጅት ጥፋቱን እስኪያርም ቅጣቱ በየቀኑ የሚደመርበት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በ2013 ወደ 90 የሚጠጋው የቤጂንግ አማካይ በ2017 58 ደረሰ።

መንገዱ ግን ንጹሕ አልነበረም። ቁጥሩ ሹመት የሚያሳጣ ሲሆን ቁጥሩን ራሱን ማታለል ተጀመረ። በሺአን ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ሹማምንት የመለኪያዎቹን አየር መሳቢያ በጥጥ ወትፈው ተገኙ፤ ፍርድ ቤትም ቀረቡ። በ2017 ክረምት ደግሞ ጋዙ ሳይደርስ ከሰል በመከልከሉ በሄቤይ ግዛት ሕፃናት ክፍላቸው በርዶባቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተምረዋል። የማስፈጸም ዋጋ የተጫነው አቅም በሌላቸው ላይ ነበር።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። እዚህም የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ለዓመታት የከተማዋን አየር በየሰዓቱ ይፋ ሲያደርግ ቆይቷል። በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በበጀት ምክንያት የኤምባሲዎቹን መረጃ በመላው ዓለም ማሠራጨት አቆመ። ቻይና በስምምነት ጠቅሳ ያላስቆመችውን ዋሽንግተን በአንድ ውሳኔ ዘጋችው። በሰው ጣሪያ ላይ ያለ መለኪያ ባለቤቱ ሲፈልግ ይነሳል።

ኢትዮጵያ ሕግ አላጣችም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከደረጃው በላይ መበከልን ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቅጥር ግቢ እንዲገባ ሥልጣን ይሰጣል። ነገር ግን "ከደረጃው በላይ" የሚለው ቃል ሕይወት የሚያገኘው ሲለካ ነው። ያልተለካ ጭስ ከሳሽም ምስክርም የለውም። የተለካው ደግሞ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ከተቀመጠ ያው ነው፤ ቤጂንግን ያንቀሳቀሳት መለኪያው ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ሁሉም ማየቱ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የከተማ አየርም እንደዚያው ነው።